ለገጣፎ ግቢ ውስጥ ላለ መዋኛ ገንዳ ሂተር ማስገባት ፈልጌ፣ የቱ ይሻላል?

የገንዳው አባወራ

ሰላም ወገን እስኪ የምታውቁ ተባበሩኝ። ለገጣፎ ነው ያለነው፣ ቤቱን ስንገዛ ግቢው ውስጥ ገንዳ ነበረው፣ 8 በ4 ሜትር ነው፣ በአንዱ ጫፍ 1 ሜትር በሌላኛው 1.80 ይጠልቃል፣ አማካዩን 1.40 ብዬ ሳሰላው 45 ሺህ ሊትር አካባቢ ይይዛል። ፓምፑም ሳንድ ፊልተሩም ይሰራል ውሃውም ጥርት ያለ ነው፣ ችግሩ ብርዱ ብቻ ነው። ጠዋት ቴርሞሜትር ከትቼ ሳየው 18 ዲግሪ ነው፣ ልጆቹ እግራቸውን ነክረው ጮኸው ይመለሳሉ። ሂልተን አንዴ ዋኝተው ስለሚያውቁ ደግሞ የነሱ ለምን ይሞቃል እያሉ ያደርቁኛል።

አሁን ሶስት ሃሳብ ቀርቦልኛል። ኤሌክትሪሺያኑ የሻወር ቦይለር ሬዚስታንስ ሶስት አራት ገዝተን በአንድ ብረት ታንከር ውስጥ እንገጥምና ውሃው በዛ በኩል ይዙር ይለኛል። ዳላስ ያለው ወንድሜ ደግሞ እዚህ ሁሉም ሰው ጋዝ ሂተር ነው ያለው፣ ካልፈለክ ሂት ፓምፕ (ከአየሩ ሙቀት ስቦ ውሃውን የሚያሞቅ የመብራት ማሽን) ልግዛና በኮንቴይነር ዕቃ ጋር ልላክልህ ብሏል። ሶስተኛው አንድ ሶላር የሚሸጥ ሰው ነው፣ ጣራ ላይ የምናያትን ባለ መስታወት ቱቦ ሶላር አስር አድርገን እንደርድር ይላል። ቤቱ ሲንግል ፌዝ ነው፣ መብራት እንደምታውቁት ይሄዳል ይመጣል። ገንዘቡን ማውጣቱ አይደለም የሚከብደኝ፣ አውጥቼ የማይሰራ ነገር ግቢዬ ውስጥ ተገትሮ ማየት ነው። የ28 ዲግሪ ውሃ ነው የምፈልገው።

ሮቶ ብቻ ያለኝ

እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ መጥቶ ሮቶ እስኪሞላ ሌሊት ቁጭ ብለን እንጠብቃለን አንተ 45 ሺህ ሊትር ልታሞቅ ነው 😂 አቦ ይመችህ፣ እንዳትረሳን ብቻ።

ቁምነገር ካልክ ግን ለልጆቹ ይሄን ንገራቸው፣ የሂልተኑ ውሃ ማንም በማሽን ያሞቀው አይደለም፣ ከመሬት የሚወጣ ፍል ውሃ ነው። እዛ ፍልውሃ አካባቢ ያለው ሁሉ ዕድለኛ ነው። ለገጣፎ ብትቆፍር የምታገኘው ቀዝቃዛ ውሃና ድንጋይ ነው።

ቴክሳሱ ቧንቧ ሰሪ

ወንድሜ እኔ ዳላስ አካባቢ ፑል ላይ ነው የምሰራው፣ ሂተር መግጠምና መጠገን የዕለት እንጀራዬ ነው፣ ስለዚህ ወንድምህ ሳይገዛ በፊት ይሄን አንብብለት።

እዚህ ጋዝ ሂተር የበዛው ጋዝ በመሬት ውስጥ ቧንቧ እስከ ቤት ድረስ ስለሚመጣ ነው። አንዱ ተራ ሂተር 400 ሺህ ቢቲዩ ነው፣ በኪሎዋት ብትቀይረው 117 ገደማ፣ አርብ ማታ ከፍተህ ቅዳሜ ጠዋት ትዋኛለህ። አንተ ጋ ያለው ግን ሲሊንደር ነው። የ12.5 ኪሎዋ ሲሊንደር ውስጥ ያለው ሙቀት 160 ኪሎዋት ሰዓት ነው፣ ከዛ ላይ በጭስ የሚወጣውን ስትቀንስ 130 ቢቀርልህ ነው። ያንተን ገንዳ 1 ዲግሪ ከፍ ለማድረግ 52 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል (1 ሜትር ኩብ ውሃ በ1 ዲግሪ 1.16 ኪሎዋት ሰዓት፣ በ45 አባዛው)። ስለዚህ አንድ ሲሊንደር ጋዝ ጨርሰህ የምታገኘው 2 ዲግሪ ተኩል ነው። ከ18 ወደ 28 ለመውጣት አራት ሲሊንደር፣ ያውም ሌሊቱ የሚወስደውን ሳንቆጥር። ማን ነው ይሄን ሲሊንደር እያሳደደ የሚኖረው?

ደግሞ ከፍታው አለ። ጋዝ ሂተር ከባህር ወለል በላይ ስትወጣ አየሩ ስለሚሳሳ በየ1000 ጫማው ወደ 4 ከመቶ አቅሙ ይቀነሳል፣ ለገጣፎ ከ2400 ሜትር በላይ ነው፣ ስለዚህ 30 ከመቶ የሚሆነውን ረሳው፣ ኖዝሉም ለከፍታ ካልተቀየረ በደንብ አይነድም፣ ጥላሸት ይሰራል።

ሂት ፓምፕ ካልክ ጥሩ ነው ግን ከአሜሪካ አታስመጣ። የኛ ዕቃ በ60 ኸርዝ የተሰራ ነው ኢትዮጵያ 50 ኸርዝ ነው። ቮልቱን በትራንስፎርመር ታስተካክለዋለህ፣ ኸርዙን ግን ትራንስፎርመር አይቀይረውም። ኮምፕረሰሩም ፋኑም ቀስ ብሎ ይዞርና ይግላል፣ ከዛ ዋስትናው ዳላስ ማሽኑ ለገጣፎ። ከቻይናም ከዱባይም 220 ቮልት 50 ኸርዝ የሆነ ይመጣል፣ እሱን ግዛ።

ጡረተኛው መካኒካል

ልጄ ጥያቄህ ደህና ነው፣ ግን ሁላችሁም ከማሽኑ ጀመራችሁ። ውሃው ሙቀቱን የሚያጣው በየት በኩል ነው ብለህ ካልጀመርክ የገዛኸው ሁሉ አይበቃህም።

ክፍት ገንዳ ከሚያጣው ሙቀት ትልቁን ድርሻ፣ 70 ከመቶ ያህሉን፣ የሚወስደው ትነት ነው። ግድግዳና ወለሉ የሚያጣው ትንሽ ነው። አንድ ሊትር ውሃ በተነነ ቁጥር ወደ 0.68 ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ያንተ ገንዳ ፊቱ 32 ካሬ ነው፣ ስለዚህ ውሃው በቀን 5 ሚሊ ሜትር ቢቀንስ 160 ሊትር ተነነ ማለት ነው፣ ይህም 109 ኪሎዋት ሰዓት ነው፣ ባንተ ገንዳ 2 ዲግሪ። አዲስ አበባ ዙሪያ ደግሞ ለትነት የተመቸ አገር ነው፣ የአየር ግፊቱ ከባህር ዳርቻው ሶስት አራተኛ አካባቢ ነው፣ በበጋ አየሩ ደረቅ ነው፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ሌሊት ጥርት ስለሚል ሙቀቱ በጨረርም ወደ ላይ ይሄዳል። በህዳር ጠዋት ሳሩ ላይ ውርጭ የምታየው ለዚሁ ነው፣ ገንዳህም እዛው ሳሩ አጠገብ ነው ያለው።

አሁን የኤሌክትሪሺያንህን ሃሳብ እንይ። ሶስት ሬዚስታንስ ባለ 2 ኪሎዋት ቢገጥምልህ 6 ኪሎዋት፣ ሌት ተቀን ሳይጠፋ ቢሰራ በቀን 144። ከዚህ ውስጥ ከመቶ በላይ የሚሆነውን ክፍቱ ገንዳ መልሶ ይበትነዋል፣ ውሃው በሞቀ ቁጥር ደግሞ የሚበትነው ይጨምራል፣ ስለዚህ 28 ሳይደርስ አንድ ቦታ ላይ ይቆማል። ቆጣሪው ግን አይቆምም። ታሪፉ ከ2017 መስከረም ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ መሆኑን ታውቃለህ፣ በወር ከ500 ኪሎዋት ሰዓት በላይ የሄደ ደግሞ በትልቁ እርከን ነው የሚከፍለው። በዚያ ላይ ቤት ውስጥ የተበየደ ታንከር፣ ሬዚስታንስ፣ ውሃ ውስጥ ያሉ ልጆች፣ ይሄን ሶስቱን አንድ ላይ ማሰብ አልፈልግም።

ስለዚህ በመጀመሪያ መሸፈኛ ግዛ። ባብል ያለው ሰማያዊ ፕላስቲክ ይባላል፣ 400 ወይ 500 ማይክሮን የሆነውን፣ ፀሐይ የማይበላውን፣ ባብሉ ወደ ውሃው ተደርጎ ይነጠፋል። ከዚያ በፊት ግን ውሃው የሚቀንሰው በትነት ብቻ መሆኑን አጣራ። ባልዲ በገንዳው ውሃ ሙላና ደረጃው ላይ አስቀምጠው፣ በባልዲውም በገንዳውም ውሃው የደረሰበትን ምልክት አድርግ፣ በማግስቱ ገንዳው ከባልዲው ይበልጥ ከቀነሰ ስንጥቅ አለህ፣ እሱን ሳትደፍን ሂተር መግዛት ገንዘብ ወደ መሬት ማፍሰስ ነው።

እማ ሶሊ

የጋሼን መሸፈኛ እኔም እመሰክራለሁ፣ እኛ ቢሾፍቱ ነው ያለነው ከናንተ ሞቅ ይላል ግን ያለ ከቨር ሂት ፓምፑ ቀኑን ሙሉ እየጮኸ ውሃው ለብ ብሎ ይቀር ነበር፣ አሁን ማታ ማታ እንሸፍናለን ጠዋት ስንገልጠው ከስሩ እንፋሎት ቦግ ይላል።

ግን ወንድሜ ማንም ያልነገረህን ልንገርህ። ያ ከቨር ለመሸፈን ትልቅ ነው፣ ብቻህን አትችለውም፣ በሁለት ሰው ጎትታችሁ ታጥፉታላችሁ፣ ሶስተኛው ሳምንት ላይ ሁሉም ይሰለቸዋል ጥግ ላይ ተጥሎ ይቀራል። የሚጠቀልለውን ሮለር አብረህ ግዛ ወይ ብረት ሰሪ ጋ አሰራው፣ ሳይሸፈን የሚያድር ከሆነ ባይገዛ ይሻላል። ሁለተኛ ልጆች አሉህ። ባብል ከቨር የልጅ መከላከያ አይደለም!! ልጅ ሲረግጠው ይሰምጣል ከቨሩም ከላዩ ይገጥማል፣ ከላይ የሚያይ ሰው ምንም አይታየውም። አጥር ከሌለህ ከሂተሩ በፊት አጥር፣ በሩ ራሱ የሚዘጋ። ስትዋኙም ሙሉ በሙሉ አንሱት እንጂ ግማሹን ገልጣችሁ አትግቡ።

ፀሐይ አለን እኮ

13 ወር ፀሐይ እያለን ሁሉም ሰው ኮምፕረሰር ኮምፕረሰር ይላል። ሶላሩን እንዲሁ አትጣሉት፣ ሰውየው ያቀረበልህ ዓይነት ነው ስህተቱ። ያቺ ባለ ቱቦዋ ትንሽ ውሃ በጣም ለማጋል የተሰራች ነች፣ 200 ሊትር ለሻወር፣ የገንዳ ፓምፕ ግፊትም ክሎሪንም አትወድም። ለገንዳ የሚሆነው ጥቁር ፕላስቲክ ፓነል ነው፣ ስስ ስስ ቱቦ ጎን ለጎን የተደረደረበት፣ መስታወት የለው ምን የለው፣ ከፊልተር የወጣው ውሃ በሙሉ በሱ ውስጥ አልፎ ይመለሳል። በአንድ ዙር የሚጨምረው ከ1 ዲግሪ ብዙም አይበልጥም ግን ቀኑን ሙሉ ይዞራል።

ስፋቱ ከገንዳው ፊት ከግማሽ እስከ እኩል ነው የሚባለው፣ ላንተ ብርድ 30 ካሬ በለው። ጥሩ ፀሐይ ባለበት ቀን አንድ ካሬ 5 እስከ 6 ኪሎዋት ሰዓት ይቀበላል፣ ግማሹን ብትይዝ 80 ኪሎዋት ሰዓት ነው፣ በነፃ፣ የምትከፍለው የፓምፑን ብቻ። ቦታ ከመረጥክ ጣራው ወደ ደቡብ ያዘነበለውን ምረጥ ምክንያቱም ሙቀቱን የምትፈልገው ህዳር ታህሳስ ጥር ነው ያኔ ፀሐይዋ በደቡብ በኩል ነች።

ጡረተኛው መካኒካል

ይሄ ትክክል ነው፣ እኔም ቢሆን ሶላር አልጠላም። ግን ሁለቱንም ጎን ንገረው። ሐምሌና ነሐሴ ያ ፓነል ዝናብ ሲያጥብ ነው የሚውለው። ማታ ሴንሰር ያለው መቆጣጠሪያ ካልዘጋው ደግሞ ፓነሉ ተገልብጦ ገንዳውን ማቀዝቀዣ ይሆናል፣ ያ ጥርት ያለ ሰማይ ያልኩት ይሰራበታል። ጣራውም ቆርቆሮ ከሆነ 30 ካሬ ፓነል ውሃ ሲሞላ ክብደት አለው፣ ባዶ ሲሆን ደግሞ የየካቲትና የመጋቢት ነፋስ ያነሳዋል፣ አሳሰሩ እንጨቱ ላይ ነው መሆን ያለበት።

ፀሐይ አለን እኮ

ክረምት ላይ ማን ይዋኛል ጋሼ 😀 በበረዶ ዝናብ?

የገንዳው አባወራ

ኸረ እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም፣ ይሄን ያህል አልጠበኩም። ባልዲውን አድርጌው ነበር፣ እኩል ነው የቀነሱት፣ ስንጥቅ የለም። ጋሼ እርስዎ እንዳሉት ከቨሩን ከነሮለሩ አዝዣለሁ፣ አጥሩንም ብረት ሰሪው ለክቶ ሄዷል (ባለቤቴ የእማ ሶሊን ጽሁፍ አንብባ ሌላውን ነገር ሁሉ አስቁማ መጀመሪያ አጥር አለች)። ወንድሜን ተው ብዬዋለሁ። የጣራችን ሁኔታ ለሶላር አያመችም፣ ወደ ደቡብ ያለው ጣራ ላይ ጎረቤት ያሰራው አራት ፎቅ ጥላውን ይጥልበታል።

ስለዚህ ሂት ፓምፕ ላይ ደርሻለሁ። ጥያቄዬ ስንት ኪሎዋት ነው የምገዛው፣ ሲንግል ፌዝ ይበቃኛል ወይ፣ ሲገጠምስ ምን ላይ ልቁም?

ቴክሳሱ ቧንቧ ሰሪ

ሻጩ በትልቁ የሚጽፍልህ ቁጥር አየሩ 26 ወይ 27 ዲግሪ እርጥበቱ 80 ከመቶ ሲሆን የሚሰጠውን ነው፣ የማያሚ አየር ማለት ነው። አንተ የ15 ዲግሪ አየር ላይ ስንት ይሰጣል ብለህ ጠይቅ፣ ወረቀቱ ላይ በሁለተኛው መስመር አለ፣ ከሌለ አትግዛ። በ15 ዲግሪ 12 ኪሎዋት ሙቀት የሚሰጥ ላንተ ገንዳ ይሆናል፣ አየራችሁ ስስ ስለሆነ ፋኑ በአንድ ዙር የሚያሳልፈው አየር ስለሚያንስ አንድ ሳይዝ ከፍ ብትል ጥሩ ነው። ከመብራት የሚወስደው የሚሰጠውን ሩብ ገደማ ነው፣ 3 ኪሎዋት፣ አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ማለት ነው። ስለዚህ ሲንግል ፌዝ ይሸከመዋል፣ ምጣዱና ሂት ፓምፑ ባንዴ እንዳይበሩ ብቻ ተነጋገሩ። ኢንቨርተር የሆነውን፣ ማለትም ኮምፕረሰሩ ፍጥነቱን እየመጠነ የሚሰራውን ግዛ፣ ቀስ ብሎ ነው የሚነሳው፣ ቤቱን መብራት አያርገበግብም።

ከፊልተር በኋላ ከክሎሪን ማስገቢያው በፊት ነው የሚገጠመው፣ ክሎሪኑ መጨረሻ ላይ ካልሆነ ውስጡን ይበላዋል። ውስጡ ውሃው ሙቀቱን የሚቀበልበት ቱቦ ቲታኒየም መሆኑን አረጋግጥ። ባይፓስ (ውሃው ማሽኑን ሳይነካ የሚያልፍበት መስመር) በሶስት ቫልቭ አሰራ፣ ማሽኑ ሲበላሽ ገንዳው ሳይቆም ትፈታዋለህ፣ ውሃውም ስንቱ በማሽኑ ይለፍ የሚለውን ትመጥናለህ፣ በመግቢያና በመውጫው መሃል 2 ዲግሪ ገደማ ልዩነት ካለ ደህና ነው። የፕላስቲክ ቧንቧው ፓምፑ ላይ ያለው 50 ሚሊ ሜትር ከሆነ በ50 ቀጥል፣ መሃል ላይ በ32 አታጥብበው፣ ፍሰቱ ሲያንስ ፍሰቱን የሚጠብቀው ፍሎው ስዊች ማሽኑን ያጠፋዋል ያኔ ማሽኑ ተበላሸ ብለህ ትደውላለህ።

ቦታው ደረቅ ኮንክሪት ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ ብሎ፣ የሚተፋው ቀዝቃዛ አየር ፊት ለፊት ግድግዳ እንዳይኖር፣ መልሶ የራሱን ቀዝቃዛ አየር ይስባል። ዕቃ ቤት ውስጥ ከተህ እንዳትዘጋበት፣ ሰው ሌባ ፈርቶ ቆርቆሮ ቤት ይሰራለታል በቃ አለቀለት። ከስሩ ውሃ ያንጠባጥባል፣ አትደንግጥ፣ የአየሩ እርጥበት ነው።

ጡረተኛው መካኒካል

ኤሌክትሪኩን እኔ ልጨምር። ከገንዳው ጠርዝ ቢያንስ 3 ሜትር ተኩል ይራቅ። የራሱ ብሬከር፣ የራሱ መስመር ከቦርዱ፣ እና ሰው ሲይዘው የሚቆርጠው የ30 ሚሊ አምፔር መከላከያ የግድ ነው። ኧርዙን ደግሞ አለ ብለው ሲነግሩህ አትመን፣ ለካልኝ በል። በብዙ ቤት ዘንጉ ደረቅ ድንጋይ ላይ ተሰክቶ ለይስሙላ ነው ያለው። የፓምፑም የመሰላሉም ብረት ከኧርዙ ጋር አንድ ላይ ይታሰር።

የሚሰራበትን ሰዓት ከጠዋቱ 4 እስከ 11 ሰዓት አድርገው። አየሩ ሞቃት ስለሆነ በትንሽ መብራት ብዙ ይሰጣል፣ በህዳር ሌሊት ከከፈትከው በረዶ እየያዘ እያቀለጠ ነው የሚያድረው። መጀመሪያ ከ18 ወደ 28 እስኪወጣ አንድ ሳምንት ገደማ ታገስ፣ ከዚያ ከቨሩ ካለ በቀን ከ10 እስከ 15 ኪሎዋት ሰዓት መብራት ይበቃዋል ብዬ እገምታለሁ።

እማ ሶሊ

መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ወዲያው እንዳይነሳ ዲሌይ ያለው የቮልቴጅ መከላከያ አስገባ፣ 5 ደቂቃ ላይ ሙላው። የኛ ሶስት ፌዝ ነው፣ አንዴ መስመር ተነክቶ ሲመለስ ፌዙ ተቀያይሮ መጣ፣ ማሽኑ ኤረር ጽፎ አልነሳም አለ፣ ሁለት ባለሙያ መጥቶ ካርዱ ተቃጥሏል ይቀየር አሉን፣ ሶስተኛው ልጅ ሁለት ሽቦ አቀያይሮ በቃ አስነሳው። አንተ ሲንግል ስለሆንክ ይሄ አያገኝህም ግን ካርድ ተቃጠለ ያለህን ሁሉ አትመን።

የገንዳው አባወራ

ተመዝግቧል። አንድ የመጨረሻ፣ ኮንክሪቱን ነገ ነው የሚሞሉት፣ ከመሞላቱ በፊት ማስቀመጥ ያለብኝ ነገር አለ?

ቴክሳሱ ቧንቧ ሰሪ

ለኬብሉ የሚሆን ቱቦ ቅበር፣ ከውሃ ቧንቧው ለይተህ። ኮንክሪቱን ከግቢው 10 ሳንቲም ከፍ አድርገው፣ የጠብታው ውሃ የሚወርድበት ትንሽ ተዳፋት ወደ አትክልቱ በኩል ይኑረው። ከማሽኑ እግር ስር ጎማ ይግባ፣ ካለዛ ንዝረቱ መኝታ ቤት ድረስ ይሰማል።